አባትን ደራሲ ያደረገች ኮማ

እናንተዬ፣ እኔ የዚህ ዘመን ፈተና ማዳበሪያና የዘይት ዋጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚህ የባሰም አለ፤ ሪፈረንስ የሚባል!

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። መኪናውም ወሬውም እያየነው ያልፋል። ይኼ የሪፈረንስ ወሬ ግን አላልፍ ብሎ ከነሻንጣው ቤቴ ገባ። የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የምትጽፈውን አሳይመንት ይዛ መጣች። ጽሑፉን ጨርሳዋለች። የቀራት በመጨረሻው ገጽ የሚደረደረው ዋቢ መጻሕፍት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ከጽሑፉ በላይ እንቅልፍ ነሳት።

«ምን ቸገረሽ? ያነበብሽውን መጽሐፍ ስም ጻፊያ!» አልኳት።

«አባባ፣ እንደሱ እኮ አይደለም፤ መጀመሪያ ስታይል መመረጥ አለበት» አለችኝ። አንዱ መምህር ኤፒኤ ይላል፣ ሌላው ኤምኤልኤ፣ ሦስተኛው ደግሞ «የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ፣ ብቻ ወጥ ይሁን» ብሎ ሄደ። ወጡንስ እኔም እወዳለሁ፤ እንጀራው የታለ?

ስልኳን ከፍታ ጉግል ስኮላር የሚባለውን አሳየችኝ። አንዱን መጽሐፍ ሲጠይቁት በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ያቀርበዋል፦ ኤምኤልኤ፣ ኤፒኤ፣ ቺካጎ፣ ሃርቫርድ፣ ቫንኩቨር። ኤፒኤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ሥራ ነው አሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ሲጀመር ሰባት ገጽ መመሪያ ነበር፤ ዛሬ ሰባተኛ እትሙ ከ400 ገጽ በላይ ሆኗል። ልጅቷ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለመጥቀስ ሌላ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያህል መጽሐፍ ልታነብ ነው! ቫንኩቨር ደግሞ የሐኪሞች ነው፤ ደራሲውን በጽሑፉ ውስጥ በቁጥር ይጠራዋል። ደራሲ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤፒኤ በጽሑፉ ውስጥ የመጀመሪያውን ብቻ ጠርቶ የቀሩትን «እና ሌሎች» ብሎ ያልፋል። እስቲ በአምበር ሠርግ የሚጠራ ሰው አንዱን ጎረቤት በስም ጠርቶ ሌላውን «እና ሌሎች» ይበል፤ ድንኳኑ ባዶውን ያድራል።

ይሁን፣ ይኼንንስ ቻልኩት። ያንገበገበኝ የስሙ ነገር ነው። በዝርዝሩ ላይ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? «አለማየሁ፣ ሐ.»! ሐዲስ አለማየሁ የዚሁ የእኛ አገር ሰው ናቸው፤ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቅኔ ተቀኝተው፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከማንኩሳ እስከ ዲማ ያንከራተቱት እሳቸው ናቸው። አለማየሁ አባታቸው ናቸው። አባትማ የወለዱት ልጅ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ኮማዋ ግን አባትን ደራሲ አደረገች፤ ደራሲውን በአንዲት ፊደልና በአንዲት ነጥብ ሸኘቻቸው።

«አባባ፣ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ እኮ ነው» አለችኝ። የማን ቤተሰብ? እኛ ዘንድ ልጅ በራሱ ስም ይጠራል፣ በአባቱ ስም ይታወቃል። ድሮ የቴሌ የስልክ ማውጫ እንኳ ሰውን በራሱ ስም ነበር የሚደረድረው። በፈረንጅ ሥርዓት «ዝክረ ነገር»ን የጻፉት ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «መስቀል» ተብለው ይመዘገባሉ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ደግሞ የሥላሴ ድርሰት ይሆናል። ቅድስት ሥላሴ መጽሐፍ ጻፉ መባሉን የደብሩ አለቃ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ዓመቱ ደግሞ የባሰበት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ዓ.ም. ሳትል 1958 ብላ ብትተወው ፈረንጅ የራሱ ዘመን ይመስለውና መጽሐፉ ሳይታተም ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ ይታተማል። ወደ ፈረንጅ ልመልሰው ካለች ደግሞ የእኛ 1958 ከፊሉ 1965፣ ከፊሉ 1966 ነው፤ መጽሐፉ በየትኛው ወር እንደወጣ ካላወቀች ዕጣ ልትጥል ነው። በፊደል ተራ ደርድሪ ሲሏትም፣ በራሳቸው ስም ብትጀምር ሐዲስን በሐመሩ «ሐ» ወይስ እንዳንዱ ሰነፍ በሃሌታው «ሀ» ትጻፈው? ፊደሉ ሲለወጥ ሰውዬው ከ«ለ» በታች ተነሥተው ወደ ዝርዝሩ አናት ይወጣሉ። ርእሱን ደግሞ አዝምሚ ተባለች። ብራና ጸሐፊ እንኳ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ያከብራል እንጂ ፊደል አያጋድምም።

አሁን «ሽማግሌው ምንጭ መጥቀስን ጠላ» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላሁም! ምንጭ መጥቀስ ለእኛ ከፈረንጅ የመጣ ሥራ አይደለም። የትርጓሜ መምህር ቃል ሲያመጣ «ዳዊት እንዲል»፣ «ጳውሎስ እንዲል» ብሎ ባለቤቱን ይጠራል። ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ሰርቆ የራሱ ያስመሰለ ተማሪ ቀና ብሎ አይሄድም። የመንገድ መለያየትም አዲስ አይደለም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የቅኔ መንገድ አላቸው። ግን የትኛውም ቤት የመምህሩን ስም ገልብጦ አባቱን መምህር አላደረገም።

መፍትሔውም የጠፋ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ይጠቅሳል። ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ የታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ነው የሚመዘግባቸው፤ ኮማ የለ፣ መገልበጥ የለ። አሜሪካኖቹ የተውልንን እኛ በራሳችን ላይ የምንጭነው ምን ቆርጦን ነው?

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ኤፒኤም በሉ ቺካጎ፣ አንዱን ምረጡና ለተማሪው ቁርጡን ንገሩት። የኢትዮጵያዊውን ስም ግን ከነአባቱ እንዳለ፣ ሳትገለብጡ ጻፉ፤ ዓመቱም ከነዓ.ም. ይቀመጥ። ተማሪዎችም ኮማ ስትለቅሙ መጽሐፉን ማንበብ እንዳትረሱ። የተሳሳተ ኮማ ይታረማል፤ ሳያነቡ አነበብኩ ብሎ መጥቀስ ግን በየትኛውም ስታይል ውሸት ነው።