ኦርጅናል ክርክር

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሳትከራከር በነጻ የምታገኘው ነገር ቢኖር አስተያየት ነው። (ዕቃው አብዛኛው የቻይና ሆኖ ገበያው ታይዋን መባሉን ቤጂንግና ታይፔ ሰምተው እንደሁ እንጃ። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ያለ አንዳች ኮሽታ ይኖራሉ።)

በቀትር ከተማው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ ይገባል። የአወዳይ ጫት ተቀምቅሞ ምርቃናው ሲመጣ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ያልሆነ ሰው ታይዋን ውስጥ አይገኝም። ከገዥዎቹ ሁሉ የማደንቀው ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጠውን ወዳጄን ነው። ሕዝብ አምኖ የተቀበለውን አንድ ነገር ሳያፈርስ ከዋለ ጫቱ አይዘውም።

ርካሽ ዕቃ ኪስ ያራቁታል በሉት። «አቦ ተወኝ! ኪስ የሚያራቁተው ውዱ ነው፤ ርካሹማ ምን አቅም አለው?»

ደንበኛ ቻርጀሩን አገላብጦ «ኦርጅናል ነው?» ሲለው አይዋሽም፤ አዎም አይል። «ኦርጅናል የሚባል ነገር አለ ብለህ ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ቻርጀር ሊገዛ መጥቶ ስለ እምነቱ ይመረመራል። እዚህ ላይ ግን ታሪክ ለወዳጄ ያደላል። አያቶቻችን ከምንም በላይ ያመኑት ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተች፤ ብሩ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ ሲመታ ኖረ። በኋላማ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም መቱት። ገበያተኛው የንግሥቲቱን ጌጥ ፍሬ በፍሬ እየቆጠረ፣ አንዷ ከጎደለች ብሩን እየመለሰ፣ ኦርጅናል ያዝኩ ብሎ በኮፒ ሲገበያይ ዘመኑን ጨረሰ። የብር መጠኑ እስካልተጓደለ ድረስ ደግሞ ማንም አልተጎዳም።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለውንም አይቀበልም። ለታይዋን የምድሩ ይበቃል ባይ ነው። በድሮው ባቡር ዘመን ቀጭን ሆና ጅቡቲ የወረደች ነጋዴ ስትመለስ ልብስ በልብስ ላይ ደርባ ወፍራ ትገባ ነበር ይባላል፤ ድሬ ደርሳ አንድ ክፍል ውስጥ ገብታ ስትወጣ እንደገና ትከሳለች።

ትልቁ ጠላቱ ግን እቁብ ነው። ካርቶን ቀድዶ በእስክሪብቶ ያስላል። «12 ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል። የመጀመሪያው 60,000 ብር ያለወለድ ተበደረ። የመጨረሻው ዓመት ሙሉ ሲያበድር ከርሞ የገዛ ብሩን መልሶ ወሰደ፤ ያውም ኑሮ ሸርፎት። ከዚያ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል! በምኑ ነው ደስ የሚለው?»

ባንክ ይሻላል ታዲያ ስትሉት ይብስበታል። ባንኩ በመቶ 7 ሲከፍል ዋጋው በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲጨምር የነበረበትን 2014ን ይጠራል። ፍራሽ ስር ላስቀመጡት ደግሞ መስከረም 4 ቀን 2013 አለላቸው፤ የብር ኖት ሲቀየር ፍራሽ ተሸክመው መሮጥ ነበር የቀራቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። «ያን ቀን የተረፈው ዕቃ የያዘ ነው፣ ብር የያዘ አይደለም» ይላል። ይህን የሚናገረው የተቀመጠበትን ካርቶን እየመታ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ወደ ታይፕ ሲ ከመዞሩ በፊት ያከማቸው ቻርጀር ነው።

ከጎኑ ሽቲና ሽቶ የምትሸጠው አዴ ትሰማዋለች። በካርቶን ቁራጭ እያራገበች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትመልስለታለች።

«ወለድ የለውም ስትል እቁቡን ሰደብከው ወይስ አመሰገንከው? ወለድ ሀራም አይደለም እንዴ?»

«ገንዘብሽ እኮ እየቀለጠ ነው አዴ።»

«እጄ ላይ ቢሆን የማይቀልጥ መሰለህ? ባንክ ባስቀምጠው ነገ ሄጄ አወጣዋለሁ፤ ማን ይቆጣኛል? እቁብ ግን አሻፈረኝ ይለኛል። ሳልጥል ብቀር ደግሞ ገበያው ሁሉ ስሜን ያነሳዋል። ከራሴ የሚያስጥለኝ እሱ ነው።»

በእኔ ዳኝነት አዴ በልጣዋለች። የወዳጄ ሒሳብ አንዲት ሳንቲም አልጎደለበትም፤ የረሳው ገንዘቡን የሚይዘው ሰው መሆኑን ነው። ሰው ደግሞ ብሩ ኪሱ ውስጥ ካደረ ጠዋት የሚገዛው አያጣም። ወዳጄም ይህን ልቡ ያውቀዋል መሰለኝ፤ የዚያው እቁብ ጸሐፊ እሱ ነው።

በቀደም ዕጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ለእሱ ደረሰው። ሳቁብን። ምን ትላለህ አሁን አልነው።

«ያልኩት የመጨረሻው ይከስራል ነው። እኔ መቼ መጨረሻ ሆንኩ?»

ሰው ሲበተን አዴ ጠጋ አለችው። ዕቃዋ ደርሶ የምትከፍለው አጥሯት ኖሯል። ዕጣውን ቢለቅላት፣ ተራዋ ሲደርስ እሱ ሊወስድ፣ ላይ ላዩን 3,000 ብር ልትጨምርለት ጠየቀችው። ወዳጄ የጠበቃት ቀን መጣለት፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አዴ! ወለድ ሀራም ነው ስትይኝ አልነበረም?»

«ማን ወለድ አለህ? መረቅሁልህ እንጂ!»