ሳይመረመር ጤነኛ

ሆሳዕና ውስጥ ወንድ አይመክንም። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም እንደዚያው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 አዋቂ ሰው አንዱን በዕድሜው የመውለድ ችግር ይገጥመዋል ይላል፤ ሐኪሞችም ልጅ ካጡ ባልና ሚስት በግማሾቹ ዘንድ የወንዱም እጅ አለበት ይላሉ። ይበሉ! እሱ የሌላ አገር ወንድ ጣጣ ነው። የእኛን ቆጮ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከሠርጉ በኋላ ዓመት ሞልቶ ሆድ ካልገፋ ፍርዱ አያከራክርም። ሙሽሪት ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ትንከራተታለች፤ ማኅፀኗ ውስጥ ፈሳሽ ተረጭቶ ራጅ ትነሳለች፤ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዳ ሥር ትጠጣለች፤ እሑድ ደግሞ ጉባኤው ይጸልይላታል። ባልየው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ከእሱ የሚፈለገው ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ዘሩን በትንሽ ዕቃ መስጠት ነው፤ መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው። ግን እንዲህ ያለ ጭካኔ በወንድ ልጅ ላይ እንዴት ይፈጸማል? ደግሞስ አልጋ ላይ ጎበዝ ነው፤ የጎበዝ ዘር በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል እንዴ?

በጎረምሳነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ ነበር። ጨብጡንም ሰው በነገረው ክኒን አስታግሶታል። ሲጋራውና አረቄውም አሉ። ይህ ሁሉ የግል ጉዳዩ ነው፤ የሚስቱ ማኅፀን ግን የቤተ ዘመድ አጀንዳ ነው።

ጥበባችን ጎልቶ የሚታየው በደቡብ አፍሪካው ባል ነው። ልጁ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፤ ለያሆዴ በዓል መጣ፣ አገባ፣ በወሩ ተመለሰ። ትዳሩ ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው። አማት ዓመት ጠብቃ «ምነው ይቺ ልጅ?» ትላለች። ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው የሚል እንኳ አይገኝም።

ሙሽሪት በዚህ ሁሉ ካልወለደች ሁለተኛ ሚስት ትመጣለች። እሷም ካልወለደች? ምስኪን ሰው፣ ሁለት መካን ሴት ገጠመው! ሽማግሌዎች ሦስተኛዋን ፍለጋ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ ብትሏቸው «ታዲያ እሷን ላኳት» ነው መልሳቸው።

የከተማችን የሆሳዕና ትልቁ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመ ነው። እሌኒ የሐዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ናት፤ የወለደችው ልጅ የለም፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ግን አገር አስተዳድራ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ልካለች። የእኛ ሽማግሌዎች ደርሰውባት ቢሆን ኖሮ መልእክተኛውን ትተው እሷን ወደ መድኃኒት አዋቂ ቤት ይልኩ ነበር።