ተቀይሮ የገባ ካምቢዮ እንዴት ይገደላል

ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ተገዝቶ የመጣ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሞተው ሁልጊዜ በቀድሞው ባለቤት እጅ አይደለም። ደህና ሆኖ መጥቶ አዲሱ መኪና ላይ ከታሰረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞትም አለ። ሞተሩ ይነሳል፣ የማርሹ ዘንግ «ዲ» ላይ ይገባል፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ማርሽ ግን አይቀይርም። አንዳንዱ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ይቀራል፤ ሌላው ከቆመበት ሲነሳ ከባድ ጭነት እንደተጫነበት ያቃስታል። ባለመኪናው ገንዘቡን ከፍሏል፣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ውሏል፣ ሁለቱም ደክመዋል። ካምቢዮ ለመግደል ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም።

የሚከተለው ምክር አገዳደሉን ያሳያል። እያንዳንዱ እርምጃ በጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የሚታይ ነው፤ እዚህ የተሰበሰበውም አንባቢ ሊረግጠው ሲል አውቆት እግሩን እንዲመልስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ በእጅ ያለውን ቶዮታ በሌላ መተካት እንደ ድሮው አይደለም። ደህና የነበረ ካምቢዮ በችኮላ ሲቃጠል ማየት ያንገበግባል።

የመጀመሪያው እርምጃ ፍርድ ነው። ማርሹ አልቀየር ሲል ባለመኪናው ወዲያው «ካምቢዮው አልቋል፤ ሻጩ አታለለኝ» ይበል። ምንም አይለካ፣ ምንም አይጠይቅ። መካኒኩም ተስማምቶ ያውርደውና ይፍታው።

ይህ ፍርድ ስንት ጊዜ ሐሰት እንደሚሆን ለማየት የቶዮታው ኤ340ኢ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለ አራት ማርሽ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሱፕራ፣ በፎርራነርና በሌሎችም ላይ ተገጥሟል። በውስጡ ማርሹን የሚያስይዘው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስኑት ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው፤ ሶሌኖይዶቹን ደግሞ ኮምፒውተሩ ያዛቸዋል። አንደኛው ሶሌኖይድ ብቻውን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንደኛ ማርሽ ይያዛል። ሁለቱም ሲያገኙ ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ብቻውን ሲያገኝ ሦስተኛ፣ ሁለቱም ሲያጡ አራተኛ ይሆናል። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሶኬቱ ሳይሰካ የተረሳ ካምቢዮ «ዲ» ላይ ሆኖ ከቆመበት የሚነሳው በአራተኛ ማርሽ ነው። የሚያቃስተውም ለዚህ ነው። ብረቱ ምንም አልሆነም፤ የሚያዘው አጥቶ ነው።

ቶዮታ ይህንኑ ባሕርይ ለምርመራ ይጠቀምበታል። የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ሆን ተብሎ ይነቀልና መኪናው ባዶ መንገድ ላይ ይነዳል። ዘንጉ «ዲ» ላይ ሲሆን አራተኛ፣ «2» ላይ ሲሆን ሦስተኛ፣ «ኤል» ላይ ሲሆን አንደኛ ማርሽ መያዝ አለበት። ሦስቱንም በትክክል ከያዘ ችግሩ ያለው በሽቦው፣ በሴንሰሩ ወይም በኮምፒውተሩ በኩል ነው፤ ካምቢዮውን የሚያስወርድ ምክንያት የለም። ካልያዘ ያን ጊዜ ወደ ዘይቱና ወደ ብረቱ መሄድ ይገባል። አይሲን ዋርነር ለጂፕ ቼሮኪ የሠራው የዚሁ ካምቢዮ ዘመድ፣ ኤደብሊው4፣ እንዲሁ ኮምፒውተሩ ሲቋረጥበት በዘንጉ ብቻ ይታዘዛል፤ የጂፕ ባለቤቶች ፊውዙን ነቅለው ይፈትኑታል። ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ካምቢዮውን መግደል የፈለገ ሰው ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ፈተና ይዝለል።

ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ አምፖሏ ትነቀል፤ ዓይን ትረብሻለች። በ1990ዎቹ በተሠሩት ቶዮታዎች ግን ይህች መብራት የጥፋቱን ቦታ በቁጥር ትናገራለች። በምርመራ ሶኬቱ ላይ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ብልጭታዋ ይቆጠራል። 42 ወይም 61 ከሰጠች የፍጥነት ሴንሰሮቹ ናቸው። 62 እና 63 ማርሽ የሚቀይሩት ሁለቱ ሶሌኖይዶች፣ 64 ደግሞ የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ የሚያዘው ሶሌኖይድ ነው። ከዚያ በኋላ ቴስተር የያዘ ሰው የሶሌኖይዱን መቋቋም ይለካል፤ ከ11 እስከ 15 ኦም ከሆነ ሶሌኖይዱ ራሱ ደህና ነው፣ ፍለጋው ወደ ሽቦው ይዞራል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድም ብሎን አልተፈታም።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ያገኘው ይታሰርለት። መኪናው ቀድሞ ማኑዋል ከነበረና አሁን ሞተሩም ካምቢዮውም ከአውቶማቲክ መኪና ከመጡ፣ ባለመኪናው የድሮውን ኮምፒውተር እንዳለ ይተወው። ሞተሩ በደንብ ይነሳለታል፤ ይህም ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላል። የማኑዋል መኪና ኮምፒውተር ግን ሶሌኖይድ የሚያዝበት መውጫ የለውም፤ ስለ ማርሽም የሚያውቀው ነገር የለም። ከሻጩ ዘንድ ካምቢዮው ሲገዛ ኮምፒውተሩና የሽቦ ጥቅሉ ከዚያው መኪና አብረው ቢመጡ ኖሮ የሳምንታት ፍለጋ ይቀር ነበር። ሽቦው በጎደለበት ቦታ ደግሞ ቀለም ከቀለም ጋር ይቀጠል፤ የሽቦ ቀለም ከሞዴል ሞዴል፣ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የሶሌኖይድ ሽቦ ከሌላ ነገር ጋር የመገናኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ዘንጉ የት እንዳለ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ማብሪያ ማጥፊያ ከካምቢዮው ጎን ይታሰራል፤ ያለ ልክ ታስሮ ከተጣመመ ኮምፒውተሩ «ዲ»ን ሌላ ነገር አድርጎ ያነበዋል። የፍጥነት ሴንሰርም እንደዚሁ ነው። ኤ340ኢ ሁለት የፍጥነት ምልክቶችን ይጠብቃል፤ አንደኛው ቢጠፋ በሌላው ይተዳደራል። ካምቢዮው በኋላ እግር ብቻ ከሚነዳ መኪና መጥቶ አራቱም እግር በሚነዳው ላይ ሲገጠም የጅራቱ አሠራር ይለያያል፤ ያኔ ሁለቱም ምልክቶች ሊጠፉ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ መኪናው እንደቆመ ያምናል፤ የቆመ መኪና ደግሞ ከአንደኛ ማርሽ አይወጣም። ሞተሩ እየጮኸ ነው፣ ባለመኪናው መሪውን እየደበደበ ነው፣ የጠፋው ግን አንድ ትንሽ ምልክት ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በኛ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ተብሎ ይወጣል። ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ እንዳይሠራ የሚፈልግ ሰው ይህን ልማድ ይጠብቅ። ኮምፒውተሩ የሞተሩ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ አራተኛ ማርሽ አይሰጥም፣ ቶርክ ኮንቨርተሩንም አይቆልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከሚፈለገው ሙቀት ሳይደርስ ረጅም መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስንቱ ካምቢዮ «አራተኛ እምቢ አለ» ተብሎ በዋጋ ርካሽ በሆነ ቴርሞስታት ምክንያት ተፈትቶ ይሆን!

አሁን በእርግጠኝነት ወደሚገድለው ነገር መምጣት ይቻላል። በነዚህ አሮጌ ካምቢዮዎች ላይ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር እየተሳበች ወደ ካምቢዮው የምትወርድ ቀጭን ካቦ አለች። ብዙ ሰው ማርሽ መቀየሪያ ብቻ ትመስለዋለች። በኤ340ኢ ላይ ዋና ሥራዋ ግን ሞተሩ ሲጠነክር የዘይቱ ግፊት አብሮ እንዲጠነክር ማድረግ ነው። የሞተር ቅያሬ ሲደረግ የካቦዋ ማሰሪያ አይገጥምም፤ ያኔ ባለመኪናው ላላ አድርጎ ያስራት፣ ወይም ጨርሶ ትንጠልጠል። መኪናው ይሄዳል፤ እንዲያውም ማርሹ ለስለስ ብሎ ይገባል፣ ባለመኪናውም ይደሰታል። ውስጥ ግን ፍሪሲዮኖቹን የሚጨብጥ በቂ ግፊት የለም፤ ዳገት ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይከስላሉ። በ1982 በወጣው የጄነራል ሞተርስ 700አር4 ላይ ይህች ካቦ ያለ ልክ ታስራ ካምቢዮውን በአጭር ጉዞ እንደምታቃጥለው መካኒኮቹ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። የቶዮታው ልክ ግልጽ ነው፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በካቦዋ ላይ ባለው ምልክትና በሽፋኗ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። አንድ ሚሊሜትር! ካምቢዮው የሚኖረውና የሚሞተው በዚህች ልክ ነው፤ መለካቷም ከደቂቃ አይበልጥም።

ከመታሰሩ በፊት ያለቀለት ካምቢዮም አለ። ቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው ሲገባ እየተሽከረከረ ደረጃ በደረጃ መቀመጥ፣ በመጨረሻም የዘይት ፓምፑን መያዝ አለበት። እስከ መጨረሻው መግባቱ በመለኪያ ከካምቢዮው ጠርዝ ይለካል። ገዳዩ ግን አይለካ፤ ሞተሩና ካምቢዮው አልገናኝ ሲሉ ብሎኖቹን በቁልፍ እያጠበቀ ይሳባቸው። ፓምፑ ይሰበራል። ፓምፕ የሌለው አውቶማቲክ ግፊት የለውም፤ ዘንጉ የትም ቢገባ መኪናው ንቅንቅ አይልም። በትክክል የተቀመጠ ከሆነ ሁለቱ አካላት በእጅ ተገፍተው ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማሉ፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለማጥበቅ እንጂ ለመሳብ አይደለም።

የድሮው ካምቢዮ በቃጠሎ ከሞተ የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የብረት ብናኝና የፍሪሲዮን አመድ ትቶ ሄዷል። ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ሳይታጠቡ ይገጠሙ፤ አዲሱ ካምቢዮ የድሮውን ሞት በመጀመሪያው ቀን ይጠጣዋል። የማኑዋል መኪና ራዲያተር ከሆነ ደግሞ በውስጡ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ስለሌለው ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርስ ይገናኙና ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ይዙር።

ዘይት ሁሉ ዘይት ነው የሚል ሰው የክራይስለርን ታሪክ አልሰማም። ኩባንያው በ1989 ኤ604 የተባለውን አልትራድራይቭ ካምቢዮ ሲያወጣ የራሱን ልዩ ዘይት ይፈልግ ነበር፤ የገዛ ጽሑፉ ግን እርሱ ካልተገኘ ዴክስሮን ይቻላል ይል ነበር። ዴክስሮን የተሞላባቸው ተንቀጠቀጡ፣ ተበላሹ። ይህ ካምቢዮ ጥፋት ሲያገኝ ራሱን ለመጠበቅ በሁለተኛ ማርሽ ላይ ይቆለፋል፤ ያን ያየ ባለቤት ደግሞ ካምቢዮው ሞተ ይላል። ቶዮታም ከዴክስሮን ወደ ቲ-4፣ ከዚያም ወደ ደብሊውኤስ ተሻግሯል፤ አንዱ በሌላው ቦታ እንዲሁ አይገባም።

መጠኑን መለካትም የራሱ ሥርዓት አለው። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ቶዮታዎች ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ከ«ፒ» እስከ «ኤል» ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ በብርዱ የለካ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ሆንዳ በአንጻሩ ሞተሩ በጠፋ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ይለካ ይላል። ጎድሏል ተብሎ የተትረፈረፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም።

ሁሉም ሲያልቅ የሙከራ ጉዞው ወደ እንጦጦ ዳገት ይሁን፣ አራት ሰው ተጭኖ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ። ቆሞ መፈተን አያስፈልግም የሚል ሰው፣ ዘንጉ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ሲገባ ካምቢዮው በ1.2 ሰከንድ፣ ወደ «አር» ሲገባ በ1.5 ሰከንድ ውስጥ መያዝ እንዳለበት አይቁጠር። ፍሬን ተይዞ ፔዳል የሚረገጥበትን ፈተና ደግሞ፣ ከ5 ሰከንድ እንዳያልፍ የተባለውን፣ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ያስረዝመው።

በዚያው ዕለት ደግሞ የወጣው አሮጌ ካምቢዮ ለብረታ ብረት ገዢ ይሸጥ። ከጎኑ ያለው የዘንግ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የፍጥነት ሴንሰሮቹ፣ የካቦዋ ማሰሪያና ከመኪናው ሽቦ ጋር ልክ የሚገጥሙት ሶኬቶች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። በማግስቱ መካኒኩ የሚፈልጋቸው እነርሱን ነው።