ሳጥኑ ውስጡ ጥላ ነው

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝ። ባትሉኝም አልቀየምም፤ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት በረቱም ባዶ ነበር።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና፣ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። መንገዱ መሀል፣ ከፈንታሌ ተራራ በታች፣ እንደ ታጠፈ ክንድ የሚዞርበት ቦታ ነበር አሉ። ክርኑ ላይ ጥልቅ ኩሬ፤ ኩሬው ዳር ዋርካ፤ ዋርካው ሥር የአራዊት ሸንጎ። ሰብሳቢው አያ ጉማሬ ነው። ከውሃው ሳይወጣ፣ ሁለት ዓይንና ሁለት ጆሮ ብቻ ብቅ አድርጎ ይሰበስባል። ጸሐፊዋ እመት ጦጢት ናት።

ከዋርካው ወጣ ብሎ ገላጣው ላይ በአራት እግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን ነበር። ጎንና ጎኑ የተሸነሸነ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ፀሐይ የማያስገባ። ሰዎች ተክለውት ሄደዋል። ውስጡ የሙቀት መለኪያ አለ። ጦጢት ጠዋት 3 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ትወጣና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቁጥሩን አንብባ ቶሎ ትዘጋለች። ከዚያ ወደ ዋርካው ሮጣ፣ «38 ዲግሪ» ትላለች። ሸንጎውም «መልካም» ይላል።

ጦጢትን ማማት አይገባም። የአየር ሙቀት የሚለካው በጥላ ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ የፀሐይ ጨረር ሳያገኘው። ጨረር ካገኘው መለኪያው የራሱን ግለት እንጂ የአየሩን አይናገርም። በዓለም ሁሉ ደንቡ ይኸው ነው። ሸንጎው ግን ቁጥሩን ሲሰማ፣ ገላጣው ላይ ያለው ሁሉ በሳጥኑ ውስጥ የሚኖር ይመስለው ነበር።

መጋቢት ላይ ራዛ ከደቡብ መጣች። በየዓመቱ ወደ ሰሜን ስታልፍ ዋርካው ላይ ታድራለች። ብዙ አገር ከላይ ስለምታይ ወሬዋ ይፈለጋል። በዚያ ዓመት በምንቃሯ አሥር ጠጠር ይዛ ወርዳ አሸዋው ላይ ደረደረቻቸው፤ አምስት ጥቁር፣ ሦስት ዳማ፣ ሁለት ነጭ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጉማሬ።

«የመጪው ክረምት ነገር ነው፣ አያ ጉማሬ። ያለፉትን ሠላሳ ክረምቶች ይወስዱና አሥሩን እርጥብ፣ አሥሩን መካከለኛ፣ አሥሩን ደረቅ ብለው ይከፍላሉ። ዘንድሮ ከየትኛው ወገን ይሆናል ብለው ሲያሰሉ፣ ከአሥር አምስት እጅ ከደረቁ ወገን ነው። ዳማው ከመካከለኛው፣ ነጩ ከእርጥቡ። ሙቀቱ ግን ከልማዱ ይበልጣል መባሉ ከጠጠሮቹም በላይ ያስፈራል።»

«እንዴት አወቁ?»

«ፓስፊክ የሚባል ሰፊ ውቅያኖስ አለ። ወገቡ ላይ ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ እዚህ ክረምቱ ይሰንፋል።»

ዝንጀሮ በሳቅ ከቅርንጫፉ ሊወድቅ ነበር። «የሰው አገር ባሕር ሞቀ ተብሎ የእኛ ኩሬ ሊደርቅ! ይህችን ወፍ ማን እንደላካት ይጣራልን!»

ተረት ነው ብዬ ጀመርኩ እንጂ ጠጠሮቹ የእኔ ፈጠራ አይደሉም። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ለአሥራ አንድ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በየወቅቱ የሚያወጣው መግለጫ እንዲሁ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። የውቅያኖሱም ጉዳይ ኤልኒኞ ይባላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ምን እንዳደረገ የምናስታውስ እናስታውሳለን። በ2008 የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ተብሎ ነበር።

ወደ ዋርካው እንመለስ። አያ ጉማሬ ዳማውን ሦስትና ነጩን ሁለት በአፍንጫው ገፍቶ አንድ ላይ አደረጋቸውና «ይኸው አምስት። ከጥቁሩ እኩል ነው። ስጋት የለም» አለ። ከርከሮ፣ የአራት ልጆች እናት፣ ነጮቹን ሁለት ጠጠሮች ትክ ብላ አይታ «እነዚህን ለእኛ ያድርግልን» ብላ አማተበች። አያ ጅቦ ከኋላ ተቀምጦ ጥቁሮቹን ደጋግሞ ቆጠረ። ምንም አልተናገረም፤ ምራቁን ብቻ ዋጠ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በዚያ ሸንጎ ትንበያውን በትክክል ያነበበው እሱ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ እማማ ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ልጆቼ፣ ጥቁሩ ቢወጣ ኩሬው የማን ነው?»

ዋርካው ሥር ጸጥ አለ። ዝንብ እንኳ የተቀመጠች መሰለ። ጉማሬ ጆሮውን አርገፈገፈ። ጦጢት በጭራሮ አሸዋው ላይ «ጥያቄው ተመዝግቧል» ብላ ጻፈች። ማታ ነፋስ መጣ።

ራዛ በማግስቱ ሄደች። አሥሩ ጠጠሮች እዚያው ቀሩ፤ የዝንጀሮ ግልገሎች ይጫወቱባቸው ጀመር።

የመጋቢቱ ዝናብ፣ አፋሮች ሱጉም የሚሉት፣ ሁለት ቀን አካፍቶ ተወ። ደረቁ ወቅት፣ ሐጋይ፣ ገባ። ሐጋይ ሁልጊዜም ይሞቃል፤ ልማዱ ነው፤ ዋናው ዝናብ፣ ከርማው፣ ሐምሌ ላይ ሲመጣ ይገላግላል። ያን ዓመት ከርማው አልመጣም። ሙቀቱም መሄጃ አጣ።

ነገሩ እንደ ምጣድ ነው። ምጣዱ ላይ ሊጥ እስካለ ድረስ እሳቱ ከሊጡ ጋር ይታገላል። ሊጡ አልቆ እሳቱ ካልተነሳ ምጣዱ ራሱ ይግላል። አፈሩ እርጥበት ያለው ጊዜ ፀሐይ ብዙ ጉልበቷን ውሃውን ስታተን ታጠፋለች። አፈሩ ሲደርቅ የምታተነው የለም፤ ያ ሁሉ ጉልበት መሬቱንና አየሩን ያግላል። ደመና የለ፣ ጥላ የለ፤ ነገ ደግሞ ከዛሬው ደረቅ አፈር ላይ ይጀምራል። እንዲህ ነው ሙቀት አንድ ሰሞን መጥቶ ሰሞኑን የሚረሳው።

ሰኔ ላይ ጦጢት «41» አለች። «አምና በዚህ ቀን 40 ነበር» አለ ጉማሬ። «ለአንድ ዲግሪ ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?»

ሚዳቋ ከግልገሏ ጋር ገላጣውን አቋርጣ መጣች። ግልገሏ አንዱን እግር ስታነሳ ሌላውን መሬት ላይ ማቆየት አቅቷት እንደ ጨፋሪ ትዘል ነበር። ሰኮናዋ ሥር ያለው አፈር በቀትር ከ60 ዲግሪ የሚያልፍ ነው። ሳጥኑ ይህን አይለካም፤ እንዲለካም አልተሠራም።

«እመት ጦጢት» አለች ሚዳቋ፣ «እባክሽ አንድ ቀን እንኳ መሬቱን ለኪልን።»

«ደንቡ አይፈቅድም፣ እህቴ። ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደር ያቅተናል።»

እውነቷን ነው፤ ያቅታታል።

በዚሁ መሀል ግመል ከሎግያ በኩል መጣ። ሳላ መንገድ ላይ አገኘችውና ሁለቱ እንደ አገሩ ሰው ዳጉ ተቀመጡ። ዳጉ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ያየኸውን ሳትደብቅ፣ ያላየኸውን ሳትጨምር የምትሰጥበት ወግ ነው፤ አፋር አገር ወሬ የሚያጣምም ሰው ስሙ ይጠፋል። ሳላ ጠየቀች፣ ግመል መለሰ።

«ዝናብ አየህ?»

«ደመናው የወሎ ተራሮች አፋፍ ላይ ነው። ይጮኻል፣ አይወርድም።»

«ሣር?»

«ከሦስት ቀን መንገድ ወዲህ የለም።»

«ውሃ?»

«ከላይ በኩል ግድብ አለ፤ የሚለቁት ለእርሻው ነው። ለዚህ ኩሬ አንድ ወር እሰጠዋለሁ።»

ሳላ ተነሳች። ቤተሰቧን ይዛ በዚያው ሌሊት ሄደች። የራዛ ጠጠር የአገሩን ሁሉ ነገር ይናገራል፤ የትኛው ኩሬ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ ግን አይናገርም። ያንን የነገራት ግመል ነው። ሁለቱን አገናኝቶ የሰማ አንድ ሰሚ ቢኖር ኖሮ፣ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ደግሞ ሳላ መሄድ ስለምትችል ሄደች። ላቧን አታባክንም፤ ሌላውን የሚገድል ትኩሳት ገላዋ ይችለዋል፤ ወደ አንጎሏ የሚወጣውን ደም በአፍንጫዋ ትንፋሽ እያበረደች ትጓዛለች። ሸንጎው ስለ መሄዷ ሲሰማ የጻፈው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይል ነበር አሉ፦ «ሳላ ያለ ውሃ ቀናት መጓዟ ታይቷል። ስለዚህ መቻል ይቻላል።» እማማ ኤሊና የከርከሮ ልጆች ይህ ሲነበብ እዚያው ነበሩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አያ ጉማሬ አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት አመነ። ጉማሬ ውሸታም አልነበረም፤ ቀን ከውሃ ከወጣ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ የኩሬው ጥልቅ ክፍል ለእሱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ነው የረሳው። «ጥልቁ ክፍል ለሸንጎው ሥራ ይጠበቅ» ተባለ። ጥላ ለሌላቸው ደግሞ ደርጊ ሃራው ተሰጣቸው።

ደርጊ ሃራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከውጭ አገር የመጣ እሾሃም ዛፍ ነው። በረሃ ይመልሳል ተብሎ መጣ፤ ግጦሹን ወረሰ። ሁሉ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ከሌላው ጥም በታች ወርዶ ይጠጣል። ሥሩ ሣር አይበቅልም። ከሩቅ ለሚያይ ግን ለምለም አገር ነው። ዝንጀሮ ከዋርካው አናት ሆኖ እየጠቆመ «ያውላችሁ ጥላ!» አለ። የከርከሮ ልጆች ገቡ። ከአራቱ ሦስቱ እያነከሱ ወጡ፤ አራተኛው መውጫውን አጣው። ማታ አያ ጅቦ ወደዚያ ሲሄድ ታየ። አልቸኮለም።

ነሐሴ አለፈ። ኩሬው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀ ጣባ ሆነ። ጉማሬ አንድ ሌሊት ወጥቶ ወደ ታች ሄደ፤ የት እንደደረሰ ዳጉ ያመጣ የለም። ዝንጀሮዎች የወንዙን አሸዋ ቆፍረው የሚንቆረቆረውን ጠጡ፤ ይህን ጥበብ ከድሮ ያውቁታል፤ ለማንም ግን አላሳዩም ነበር። ዋርካው ቅጠሉን አራገፈ፣ ሸንጎውም ተበተነ። እማማ ኤሊ አንገቷን አስገባች።

ጳጉሜ ላይ ራዛ ወደ ደቡብ ስትመለስ ክርኑን ከላይ ፈልጋ አጣችው። ያገኘችው ነጩን ሳጥን ነው። ዝቅ አለች።

ገላጣው ላይ የቀረው ጥላ የሳጥኑ ብቻ ነበር፤ አንድ እንቅብ የማያህል። የሚዳቋ ግልገል እዚያች ውስጥ እግሯን አጣጥፋ ተኝታለች። ጥላው ፈቀቅ ሲል እሷም ፈቀቅ ትላለች፤ አፈሩ ላይ የዋለችበት ቦታ እንደ ሰዓት ተስሏል። እናቷ የለችም።

ጦጢት መጣች። ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ነው። ከስታለች። ማንም የማይሰበሰብበትን ሸንጎ ቁጥር አንድ ቀን ሳታጓድል መዝግባለች፤ ይህንንም ላከብርላት ይገባል። ግልገሏን ስታይ ቆመች።

«ልጄ፣ ተነሽ። ትንፋሽሽ ወደ ላይ ይወጣል። ልኬቱን ታበላሺብኛለሽ።»

ግልገሏ ዓይኗን ገለጠች። አልተነሳችም።

ጦጢት ሳጥኑን አየች። ግልገሏን አየች። ራዛን ባዶው ዋርካ ላይ አየቻት፤ አሁን ግን በምንቃሯ ምንም አልያዘችም። ከዚያ ጭራዋን ሰብስባ ግልገሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ ጥላው ለሁለት አይበቃም ነበርና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች።

9 ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ሳጥኑ ሳይከፈት ዋለ።