አክስቴ ዕቅድ የላቸውም

ይመስገነው፣ እኔም የሳምንት ምግብ ዕቅድ ሠልጣኝ ሆኜ ተመረቅኩ። ሁለት ቀን ተቀምጬ፣ አበል ፈርሜ፣ ላሚኔት የተደረገ ባለቀለም ሠንጠረዥ ተቀብዬ ወጣሁ። ሰባቱ ቀናት ወደ ታች፤ ቁርስ፣ ምሳና ራት ወደ ጎን። የአገሬ ሴት ከእንግዲህ ምን እንደምትሠራ አውቃ ወጥ ትሠራለች። እስከ ዛሬ ድስቱን ከጣደች በኋላ ነበር መሰለኝ የምታስበው።

ሥልጠናው ቁም ነገር አልነበረውም አልልም። አሠልጣኛችን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሪፖርት ጠቅሰው፣ በ2022 ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደጣለች፣ ከዚህም 60 በመቶው ከየቤቱ እንደወጣ ነገሩን። «አያችሁ፣ ችግሩ ያለው ጓዳ ነው!» አሉ። ሪፖርቱ ሌላ 28 በመቶ በሆቴሎችና በምግብ አቅራቢዎች ላይ ይቆጥራል። እሱን ግን ሳንደርስበት የምሳ ሰዓት ሆነና ወደ ሆቴሉ ቡፌ ወረድን።

ቡፌውን ብታዩት! ሩዝ ላይ ፓስታ፣ ፓስታው ላይ ጥብስ፣ ጥብሱ ላይ ዓሣ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ እንጀራ በሦስት ዓይነት ወጥ። ከጎኔ የነበረው ባልደረባ ከከመረው ላይ ሦስት ጉርሻ ያህል ቀመሰና ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረገው። አስተናጋጇ የእሱንም የእኔንም አንድ ላይ ገልብጣ ወሰደችው። የከሰዓቱ የቡድን ሥራ ርእስ «የተረፈ ምግብን መልሶ መጠቀም» ነበር። የእኛ ቡድን አንደኛ ወጣ።

የተግባር ልምምዱን ባቲ፣ አክስቴ ቤት አደረግሁት። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቲ፣ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ቢጠራም ለዕቅድ ያልታደለች ከተማ ናት። ሠንጠረዡ «ሸመታ፦ ቅዳሜ» ይላል፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ሲወጣ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ሲወርድ፣ የሚገናኙት ሰኞ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ባለሙያ እንኳ መጥቶ «ቅዳሜ አድርጉት» አላላቸውም።

ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስል አክስቴ «ካላንደር አመጣህልኝ?» አሉ። አነበብኩላቸው። ማክሰኞ ቁርስ አጃ በወተት፤ ሐሙስ ምሳ ዓሣ በሎሚ፤ ዓርብ ራት የዶሮ ደረት።

«ከደረቷ የተረፈው የት ይሄዳል?»

ይህ ጥያቄ በሥልጠናው አልተነሣም።

«ሐሙስ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ዓርብ ደግሞ ጎረቤቴ ጾመኛ ናት» አሉ። ባዶ ሣጥን እንደማይፈቀድ አስረዳኋቸው።

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለአራት።»

«ታዲያ ሰው ሲመጣ በሩን ልዝጋው?»

ዕቅድ የለሽነታቸውን በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰኞ ማሽላውን በቁና አሰፍረው፣ ሽንኩርቱን ከመደብ መደብ እየዞሩ ተከራክረው ገዙ። ቲማቲሙን ግን ዝም ብለው አለፉት፤ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ሻጯ ልትነሣ መደቧን ስትሰበስብ ተመለሱባት። የጠናውን ለይተው አስቀመጡ፣ የላላውን ያኑ ማታ ቁሌት ውስጥ ጨመሩት። የማሽላ እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅ የሚጋግሩት ለሁለት ቀን ያህል ነው። ሲደርቅ ፍርፍር ይሆናል፤ ከፍርፍር የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ፤ ከመሶቡ ግርጌ የተራገፈው ለዶሮዎቹ። ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ እንቁላሉ ሰኞ ገበያ ወጥቶ ጨው ይዞ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የማስገባበት ሣጥን ስላጣሁ «ዕቅድ፦ የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ።

በጀቱን በዕቅድ የማይመራ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚገባ አያውቅም ይላል መመሪያው። አክስቴ ያውቁታል፤ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው። ያለፈው ሰኞ ዋጋ በዚህኛው ሰኞ አይገኝም፤ የእኔ ሠንጠረዥ ግን የአራት ሳምንት ዋጋ ተሞልቶበት የታተመ ነው። «የተረፈውን በፕላስቲክ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ» የሚለውን ምክር ስነግራቸው «እሺ ልጄ» አሉ። ፍሪጁን እንዳመጣላቸው ሳይጠብቁ አልቀሩም።

እያወራን አንዲት ቁራሽ ከእጄ ወደቀች። ሳላያት ላልፍ ስል እሳቸው ጎንበስ ብለው አነሷት፤ አቧራዋን እፍ ብለው፣ ስመው፣ መሶቡ ጠርዝ ላይ አኖሯት። በ1977ቱ ረሃብ ባቲ የረሃብተኞች መጠለያ ሲቆምባት አክስቴ ልጅ ነበሩ። «የምግብን ዋጋ ስለመገንዘብ» የምትለዋ ስላይድ ፍላሼ ላይ አለች፤ ፕሮጀክተር ስለሌለ ሳላሳያቸው ቀረሁ።

ማታ አክስቴ በሠንጠረዡ ከሰሉን እያራገቡ ቡና ሲያፈሉ፣ እኔ የክትትል ቅጹን ሞላሁ። በቤቱ በሳምንት የሚጣል ምግብ በኪሎ፦ የሚመዘን አልተገኘም። ምክንያት፦ የዕቅድ ክህሎት ማነስ። ምክረ ሐሳብ፦ የሁለት ቀን ተጨማሪ ሥልጠና፣ ምሳን ጨምሮ።