ጉማሬውን የበረደው ዕለት

በቡሹሎ በኩል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ጉማሬ ነግሦ ነበር አሉ። ደህና ንጉሥ ነበር። ፀሐይ ስትከር እንሽላሊት ከድንጋዩ ላይ «ጋለ!» ትለዋለች፤ አምባዛ የውሃውን ይነግረዋል። እሱም ሁለቱን ሰምቶ፣ የገዛ ሆዱንም አዳምጦ፣ ሙቀቱ ከቆዳ አልፎ ሥጋ ሳይገባ መንጋውን ወደ ሐይቁ ያስገባል። ትእዛዝ የማይጠብቀው አባ ኮዳ ብቻ ነው፤ ሲሞቀው ኩሱን በእግሩ ላይ ይለቃል፣ እርጥቡ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። ነውር ቢሉትም ሠርቶለታል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጉማሬው ተንቀጠቀጠ። «ብርድ ገባ! ከውሃ ውጡ፣ ተጠጋጉ!»

እንሽላሊት «ጃንሆይ፣ ድንጋዩ እኮ እንደ ምጣድ ግሏል» ብትል በውሸታምነት ተባረረች። አምባዛ ይህን አየና «ውሃውማ በረዶ ሆኗል» አለ፤ ተሾመ።

እንሽላሊት ጤና ጣቢያው ደጃፍ ወደሚተኛው ውሻ ሄደች። «ጋሼ፣ ንጉሡ አበደ ወይስ ዋሸ?»

«አንዱም አይደለም» አለ ውሻው እያለከለከ። «እዚህ ስንቱ ወባ የያዘው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይመጣል። ግንባሩ ያቃጥላል፤ በረደኝ ማለቱ ግን እውነቱን ነው። ከአንጎል ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ዳኛ አለች፤ ሐኪሞቹ ሃይፖታላመስ ይሏታል። ቆዳ የውጩን፣ ደም የውስጡን ይነግሯታል፤ የሰውን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ትጠብቃለች። ጠላት ሲገባ የሰውነት ዘቦች መልእክት ልከው ልኩን ከፍ ያስደርጓታል። ልኩ 40 ከሆነ 39 ብርድ ነው።»

«ታዲያ ማን ይንገረው?»

«ነርሷ ከሚንቀጠቀጥ ሰው ጋር አትከራከርም፤ ጣቱን ወግታ ደሙን ታያለች።»

እንሽላሊት ዝም አለች። አምና ታማ ሳለ፣ ጥላ እያለ፣ ከሁሉ የጋለውን ድንጋይ መርጣ መተኛቷ ትዝ አላት። የዳነችውም እዚያው ነው።

ከቀናት በኋላ ጉማሬውን ትኩሳቱ ለቀቀው። ቃጠሎው የተሰማው ገና ያኔ ነው፤ ዘወር ሲል መንጋው ቆዳው ተሰነጣጥቆ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«ምን ዓይነት ሙቀት ነው! እንሽላሊትን ጥሩልኝ!»

ማንም አልተነቃነቀም። አምባዛ ራሱን ከውሃው ብቅ አደረገ፤ ለነገሩ ያን ሁሉ ቀን ከውሃው አልወጣም ነበር።

«ጃንሆይ፣ በዚህ ብርድ ማን ይሄዳል?»

መንጋውም ባንድነት ተንቀጠቀጠ።