መርከብ ያማረው

ካርታ ላይ ከእስራኤሏ ከተማ ከቂርያት ጋት አጠገብ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል፤ ላኪሽ ወንዝ ነው። ሰማያዊ ያየ ውኃ ያስባል፤ ውኃ ያሰበ መርከብ ያምረዋል። ላኪሽ ግን ከኬብሮን ተራሮች ተነሥቶ አሽዶድ ላይ ባሕር ቢገባም፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው። ጎርፍ የሚወርድበት በእስራኤል ክረምት፣ ማለትም በኢትዮጵያ በጋ ነው። የቀሃ ወንዝ ሐምሌ ላይ ሲያገሳ እየሰሙ ያደጉ የጎንደር አዛውንት፣ ወደ ቂርያት ጋት መጥተው በዚያው ሐምሌ ላኪሽን አይተው «ይኼም ወንዝ ተብሎ!» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ካርታ ሠሪ ቡናማ ቀለም አልቆበት ይሆን?

የጭነት መርከብ ይመላለስበት የነበረ ወንዝ በኢትዮጵያ የፈለገ ባሮን ያገኛል። ባሮ ከሶባት፣ ሶባት ከነጭ ዓባይ ስለሚገናኙ ከጋምቤላ እስከ ካርቱም በውኃ ይኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። የእንፋሎት መርከቦቹ ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር፤ ይህም ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነው። በጋ ሲገባ መርከብም፣ መርከብ የሚያይም አልነበረም።

ነገሩ የሚያበሽቀው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ «የውኃ ማማ» ስትባል ደረቱን የማይነፋ የለም። ዓባይ በገደል፣ ተከዜ በሸለቆ ተውጠው መርከብ እንደማይሸከሙ፣ የሚሸከመው ባሮ ወደቡን ለባዕድ እንዳከራየ፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ የጋምቤላው ጣቢያ ለኢትዮጵያ ቢመለስም የካርቱሙ መርከብ እንደ ድሮው እንዳልቀጠለ የሚያነሣ ግን አይገኝም። ፉከራ አንድ ኩንታል ቡና ካርቱም አያደርስም!

እርግጥ ወንዝ የትም አገር አመለኛ ነው። መርከብ በመርከብ የሆነው የአውሮፓው ራይን ወንዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ በጋ ስለጎደለ መርከቦቹ ጭነታቸውን ቀንሰው ለመሄድ ተገደዋል። ደግነቱ ጭነት ወንዝ ብቻ አይጠብቅም። በቂርያት ጋት በኩል ከነጌቭ የሚመጣው የጭነት ባቡር ወደ አሽዶድ ወደብ ያልፋል፤ ፉርጎውን መቁጠር ለወደደም ትዕግሥት የሚፈትን ርዝመት አለው። መርከቡን ራሱን ማየት ያማረው የከተማው ሰው አሽዶድ ይውረድ፤ ባሮን ያማረው ደግሞ በሐምሌ እንጂ በጥር እንዳይሄድ።